ሳይከፈት የተፈረደበት ጎማ

ጀላል ይመርን ሌባ ብለው የጻፉበትን ደብዳቤ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሮ ስለነበር ፖስታውን መቅደድ አልቻለም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ በር ላይ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ «እስቲ አንተ አንብብልኝ፣ ማቲዎስ» አለኝ። አነበብኩለት። ሌባ የሚለው ቃል በቀጥታ አልተጻፈም፤ የቢሮ ሰው እንዲያ አይጽፍም። «በወኪሉ ጋራዥ የተገጠመውን አዲስ የፍሬን ሸራ አውጥተው ለግል ጥቅም በማዋልና በምትኩ ያረጀውን መልሰው በመግጠም» ነው የሚለው። እኔ ግን አማርኛ እችላለሁ። ሌባ ማለት ነው።

ያ ደብዳቤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «ያለፈ ነገር ነው፣ ተው፣ ደም ግፊትህ ይነሣል» ትለኛለች። ይነሣ። አንዳንድ ነገር ደም ካላስነሣ ደም ምን ይሠራል? ይልቅ ሰውየው ማን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተም አብራችሁኝ ተናደዱ።

ጀላል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የደሴ ዙሪያ ገበሬ «ሐኪሙ» ነው የሚለው። በሬ ሲያብጥ፣ ላም መውለድ ሲያቅታት፣ ፍየል ሲያስላት የሚጠራው እሱ ነው። ገበሬው የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶት ገበያ ይሄዳል፤ ሲመለስም በሬውን ድኖ፣ ቁልፉንም ከመስኮቱ ላይ ያገኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። ሀብቱ ይኸው ነበር፣ ስሙ። ሌላ ሀብት የለውም፤ ቤቱን ያየ ያውቃል።

መሥሪያ ቤታቸው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ለስድስት ባለሙያ ስድስት ሞተር ሳይክል ሰጠ። አምስቱ ዛሬ ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል። አንደኛው መቀመጫ ላይ ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት በዓይኔ አይቻለሁ። የሚሄደው የጀላል ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲበላሽባቸው «መንግሥት ያሠራው» ብለው አቆሙ፤ እሱ ግን ከሱቄ በር ላይ ካርቶን ዘርግቶ ቁጭ አለ። መጀመሪያ አካባቢ አንዱን ከፍቶ ሲዘጋ ሦስት ብሎን ይተርፈው ነበር። እኔ ስስቅ እሱ ይናደድና እንደገና ይፈታዋል። በዓመቱ የሚተርፍ ብሎን ጠፋ።

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ ምን አደከመህ?» ስለው፣ «መንግሥቱ የታለ? ርክክቡ ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ። አማና ነው፣ አደራ» ይለኛል። አማና ያለው ነገር ላይ ክርክር የለም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። ሚስቱ ረሂማ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ የሰፋችለት የመፍቻ ከረጢት አለው፤ ለእያንዳንዱ መፍቻ ለብቻው ኪስ አላት። ከረጢቱን ይዘረጋል፣ ዕቃውን ፈትቶ በቆርቆሮ ባለ ቤንዚን ያጥባል፣ ይጠርጋል፣ ግራሶ ይቀባል። አዲስ ዕቃ ሲያስገባ ደግሞ አንድ ልማድ አለው። በሚስማር ጫፍ «ጀ» ብሎ ቀኑን ይጭርበታል። የትኛው ዕቃ ስንት ወር እንደቆየ የሚያውቀው በዚህ ነው።

«የመቃብር ድንጋይ ነው እንዴ የምትጽፈው?» እለው ነበር።

«የልደት ወረቀት ነው» ይለኛል፣ ቀና ሳይል።

ቁጡ ሰው ነው፤ ይኼም ይታወቅለት። አንድ ጊዜ ሳላውቅ አስመሳይ የፍሪሲዮን ሽቦ ሸጥኩለት። በሁለተኛው ቀን ደንበኛ ሞልቶ ቆሞ ሳለ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረውና «ይኼን ለጠላትህ ሽጥ» ብሎኝ ወጣ። ሳምንት ተኳረፍን። ከዚያ ወዲህ ያንን ዕቃ አላስገባሁም፤ ለንግዴም ጠቀመኝ። ሲቆጣ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ግን አንድ ቃል ከአፉ አይወጣም፦ ወላሂ አይልም። ደሴ ላይ ይኼ ብርቅ ነው። የእኛ አገር ነጋዴ ቲማቲም ሲሸጥ እንኳ ይምላል። ጀላል ግን አባቱ ከልጅነቱ «የአላህን ስም ለፍየል ዋጋ አትጥራ» ብለው አሳድገውት፣ እውነቱን ሲናገር እንኳ አይምልም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በእኛም ዘንድ መሐላ የለም፤ የተግባባነውም አንድም በዚህ ነው። የእሱ ግን ሌላ ወገን አለው። ራሱ ስለማይምል፣ ሌላ ሰው በአላህ ስም ከማለለት ያምናል። ከመሐላ በኋላ ከፍቶ ማየት ለእሱ ሰውየውን መጠርጠር ብቻ አይደለም። የተጠራውን ስም ማቃለል ነው።

ጣጣው የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ ሰርኩላር ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ካሳዬ ናቸው የፈረሙት። ከእንግዲህ ማንኛውም ሠራተኛ የተረከበውን ሞተር ሳይክል ራሱ መፍታት፣ መጠገን፣ ዕቃ መቀየር የተከለከለ ነው፤ ጥገና የሚደረገው ውል በተያዘለት፣ ኮምቦልቻ ባለው የሞተሩ አስመጪ ወኪል ጋራዥ ብቻ ነው፤ ይኼን የተላለፈ ይጠየቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይኼ ነው። አምስቱ ሞተር ከዛፍ ሥር ሲበሰብስ ያልወጣ ሰርኩላር፣ የሚሄደው አንዱ ላይ ወጣ! አቶ ካሳዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ጠላቴን አውቀው ነበር። ወረቀት የሚወዱ ሰው ናቸው። ማህተም ያለበት ነገር ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል።

ጥር ላይ የኋላ ፍሬኑ ሸራ አለቀ። ጀላል ከማንም በፊት ነው ያወቀው፤ እግሩ ይነግረዋል። አዲሱ ሸራ እኔ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር። ለእሱ የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን ሰርኩላሩን አክብሮ ቅጽ ሞላ። «የኋላ ፍሬን ሸራ አልቋል፤ ይቀየር» ብሎ በእጁ ጽፎ ወደ ኮምቦልቻ ወረደና ሞተሩን አስረከበ። የአርባ ደቂቃውን ሥራ ሦስት ቀን አቆዩት።

በሦስተኛው ቀን እኔም ዕቃ ላመጣ ስለነበር አብረን በሚኒባስ ወረድን። የጋራዡ አሠራር ደንበኛ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በመስተዋት ወዲያ ማዶ ታያለህ፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ስምህ ሲጠራ ትፈርማለህ። ጀላል አልተቀመጠም። ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስጠግቶ ቆመ። በመጨረሻ የጋራዡ ኃላፊ ዘይኑልአቢዲን ሞተሩን እየገፋ አወጣለት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቱታው ንጹሕ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ደረሰኙ ላይ «የኋላ ፍሬን ሸራ በአዲስ ተቀይሯል» ይላል። የኋላው ጎማ ዘንግ ዳዶ ላይ በቀጭን ሽቦ አስረው ቁጥር ያለው የእርሳስ ብረት እሽግ ረግጠውበታል፤ ከእነሱ በቀር ማንም እንዳይከፍተው።

ጀላል ፍሬኑን ረገጠ። ጠንከር ብሎ ያዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፍሬኑን መወጠሪያ ዘንግ አየ። አሁን ነገሩን ላስረዳችሁ፣ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በዘንጉ ጫፍ አንዲት ዳዶ አለች። ሸራው እያለቀ ሲሄድ እሷን እያጠበቅህ ፍሬኑን ትወጥራለህ። አዲስ ሸራ ሲገባ ግን ትላላለች፤ ሸራው ወፍራም ስለሆነ መጥበቅ አያስፈልጋትም። ያቺ ዳዶ ግን እስከ ጥርሱ መጨረሻ ድረስ ጠብቃ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺ ለምን እዚህ ድረስ ጠበቀች?» አለው ጀላል።

«እንዲጠነክርልዎ ነው፣ አያ ጀላል።»

«አዲስ ሸራ ከገባ እኮ ትላላለች እንጂ አትጠብቅም። እስቲ ክፈትልኝና ልየው።»

«እሽጉ ተረግጧል። ከዚህ በኋላ አይከፈትም» አለ ዘይኑልአቢዲን። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ። እሱም አያቸው። ከዚያ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ «ወላሂ ቢላሂ፣ አያ ጀላል፣ በዚህ እጄ ነው አዲስ የከተትሁት!» አለ።

የጀላል ፊት ተለወጠ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አፍሮ ነው ለካ። «አውፍ በለኝ፣ ልጄ» አለው። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው! ፈርሞ ወጣን።

እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ ሀረጎን ወጥተን ደሴ ገባን። ዳገት ነው፤ ፍሬን አያስፈልግም። ሱቄ በር ላይ ሲያወርደኝ ግን ሞተሩን አላጠፋም። ጎንበስ ብሎ ያቺን ዳዶ እንደገና አየ። ከከረጢቱ ፒንሳውን አወጣ። ሽቦዋን በፒንሳው አፍ ያዛት። መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረው።

እኔ ምን አልኩ? «አንተ ሰው፣ ሰውየው ምሎልሃል። እሽጉን ቆርጠህ በሰርኩላር ልትጠየቅ ነው? ተወው» አልኩ። እኔ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው፣ የዳዶዋን ነገር እንደ እሱ የማውቀው ሰውዬ! ሱቄን ከፍቼ ዕቃዬን ላስገባ ቸኩዬ ነበር። ጀላል ፒንሳውን ወደ ከረጢቱ ኪስ መለሰው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፍየል ክትባት በበረዶ ሳጥን ከኋላው ጭኖ ሀረጎን ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከመታጠፊያው ላይ አንድ አይሱዙ ከብት እስኪያልፍ ብሎ ቆሟል። ጀላል የኋላውን ፍሬን ረገጠ። እግሩ እስከ ታች ወረደ፣ ሞተሩ ግን አልሰማውም። ብረት ከብረት ሲፋጭ ድምፁን ሰምቻለሁ ይላል። የፊቱን ብቻ ቢይዝ ጠጠሩ ላይ ይገለብጠዋል። በአንድ ወገን ገደል ነው፣ ከፊቱ አይሱዙው። ከተራራው ወገን ካለው አፈር ጋር ሄዶ ተላተመ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የክትባቱ ብልቃጥ ሁሉ ተሰባብሮ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ከታች ያሉት ገበሬዎች ፍየላቸውን እንደያዙ እስከ ቀትር ድረስ ጠበቁት አሉ።

ሐኪም ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያለኝ «ሸራው ነው» ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ክትባቱ አለቀ» አለ። ስለ እጁ ምንም አላለም። መርፌ የሚይዝ፣ ላም የሚያዋልድ እጅ ነው እኮ።

ሞተሩን ፖሊስ አንሥቶ ለመሥሪያ ቤቱ አስረከበ፤ ንብረት ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት። መሥሪያ ቤቱ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ወኪሉን በደብዳቤ ጠየቀ። ወኪሉ በደብዳቤ መለሰ፦ እኛ አዲስ ሸራ ገጥመናል፣ ደረሰኙም አለ፤ ሠራተኛው ሞተሩን ራሱ የመፍታት የቆየ ልማድ እንዳለው ስለሚታወቅ፣ ከእኛ ከወጣ በኋላ ከፍቶታል። መሥሪያ ቤቱም ይኼንኑ ገልብጦ ለጀላል ጻፈ፤ ያነበብኩለት ደብዳቤ ያ ነው። ልብ በሉ። አንድም ሰው ሀረጎን ወጥቶ ሞተሩን አላየም። አንድም ሰው የመጋዘኑን በር አልከፈተም። አሥራ አራት ዓመት በገዛ እጁ ያቆየው ሰው፣ በዕድሜው አንዴ አልከፍትም ባለበት ቀን፣ ከፍተሃል ተባለ! በአምስቱ ሞተር ላይ ሣር ያበቀሉት ሰዎች ደመወዛቸውን ይበላሉ፤ የሠራው ሰው በሠራው ተከሰሰ። ይኼ ካላናደደ ምን ያናድዳል?

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ጀላል ወረቀቱን በግራ እጁ ወሰደው። ረሂማ ከኋላችን ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ ቤቷ ሄዳ የመፍቻውን ከረጢት አምጥታ እግራችን ሥር ጣለችው። መፍቻው ሁሉ ተንኳኳ። «ይኸው! ለሌባ የሰፋሁት ከረጢት! ይኼንንም አብራችሁ ክሰሱት!» አለች። ያኔ ነው ጀላል ያለቀሰው። ጠዋት አንድ ገበሬ በሬውን በሌላ ሰው ሲያሳክም አይቶ፣ ገበሬው ዓይኑን ወደ መሬት እንዳደረገበት ነገረን። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ገጠር ገብቷል። ከሥራ ቢያባርሩት ኖሮ ይችለው ነበር። ያቺን የተሰበረች የገበሬ ዓይን ግን አልቻላትም።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ካሳዬ ቢሮ ተጠራን። ዘይኑልአቢዲን ደረሰኙን በላስቲክ ሸፍኖ ይዞ መጥቷል። እኔ በጀላል በኩል ምስክር ነኝ። አቶ ካሳዬ ወረቀቱን ሁሉ አነበቡ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና የመሰላቸውን መልካም ሐሳብ አመጡ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም አላህን የምትፈሩ ሰዎች ናችሁ» አሉ። «ከምንካሰስ ማሉና ይለይ።»

ዘይኑልአቢዲን ዓይኔን ግንባር ያድርገው የሚል ሰው ነው። ከአፋቸው እንኳ ሳይወርድ፣ «ወላሂ አዲስ ነው የከተትሁት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም!» አለ።

«እርስዎስ፣ አቶ ጀላል?»

«አልምልም» አለ ጀላል።

«አልከፈትኩትም ብለው አንዲት ቃል ብቻ ይማሉ። ያልቅልዎታል።»

«አልከፈትሁትም። ግን ለፍሬን ሸራ ብዬ የአላህን ስም አልጠራም። እርስዎም አያስጠሩኝ።»

አቶ ካሳዬ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከልባቸው የተጨነቁ ይመስሉ ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ? እሱ ማለ፣ እርስዎ አልማሉም። ሰው የሚያየው ይኼን ነው» አሉ።

እኔ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፤ ሻያቸው ተደፋ። «ጎማው እኮ እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ነው!» አልኩ፣ እየጮኽኩ። «አሥር እርምጃ ነው! ሰው የምታስምሉት ዓይን ስላጣችሁ ነው? ለምን ከፍታችሁ አታዩትም?»

«መክፈት የሚችለው ወኪሉ ብቻ ነው» አሉ አቶ ካሳዬ። ወላሂ ባልል እንኳ እንዲህ ነው ያሉት።

«ወኪሉ ይኸው ተቀምጧላ!»

መጋዘኑ ተከፈተ። ሞተሩ እንደወደቀ አፈሩን እንደለበሰ ቆሟል። ጀላል ቀድሞ ገባና በግራ እጁ ከኋላው ጎማ ዘንግ ላይ አፈሩን ጠረገ። እሽጉ አለ። ሽቦው አልተነካም፣ እርሳሱ እንደተረገጠ ነው።

«ይኼ እሽግ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዘይኑልአቢዲን አየው። አቶ ካሳዬ ግን ወረቀት ወዳድ ናቸው ብያችኋለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው እርሳሱ ላይ ያለውን ቁጥር ከደረሰኙ ቁጥር ጋር አንድ ባንድ አስተያዩት። አንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ለእውነት ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እንግዲያ ማን ከፈተው?» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል።

ዘይኑልአቢዲን መፍቻ አልያዘም። ጀላል በትከሻው ይዞት የመጣውን ከረጢት ዘረጋለትና ልኩን መዝዞ ሰጠው። ያ ልጅ የገዛ እሽጉን በጀላል ፒንሳ ቆረጠ፤ ጎማውን በጀላል መፍቻ አወለቀ። ዳዶዋ ሁለት ጊዜ ወደቀችበት። ሸራው ወጣ። እስከ ብረቱ አልቋል። ጀላል በግራ አውራ ጣቱ ጥቀርሻውን ከብረቱ ጎን ላይ ጠረገው፣ ከዚያ ለአቶ ካሳዬ ሰጣቸው። ወደ ብርሃን አስጠግተው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ጀ። 12፣ 3፣ 16።»

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት። ጀላል ራሱ ያስገባው ነው፣ ሰርኩላሩ ከመውጣቱ አሥር ወር በፊት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልቀየረውም። ዳዶዋን ብቻ እስከ ጫፍ አጥብቀው፣ ያለቀውን ሸራ አዲስ አስመስለው፣ እርሳስ ረግጠው፣ ምለው ላኩት።

ልመታው ነበር፣ አልዋሽም። ዘይኑልአቢዲን ግን ወደ እኔ አልዞረም። አፈሩ ላይ ተንበርክኮ የጀላልን ጉልበት ያዘ። «አውፍ በሉኝ፣ አያ ጀላል» አለ። ሸራው አልመጣም ነበር አሉን፣ ደረሰኙ ተቆርጦ ነበር፣ በቀን ይኼን ያህል ሞተር አውጡ ይሉናል እያለ ተንተባተበ። በእኛ አገር አውፍ በሉኝ ብሎ ሰው ሲንበረከክ ዝም አይባልም። ጀላልም ዝም አላለም።

«የእጄን አውፍ ብያለሁ» አለው። «የማልህበትን ግን እኔን አትጠይቀኝ፣ የእኔ አይደለም።»

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ደም ግፊቴ ይበርድ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ክሱ «በመረጃ ክፍተት ምክንያት የተፈጠረ» ሆኖ ተነሥቷል። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግኩ፣ የለም። በዚያው ደብዳቤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ፣ «ሞተር ሳይክሉ በሰርኩላሩ መሠረት ለጥገና ወደ ወኪሉ ጋራዥ እንዲላክ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወደዚያው! ውሉ ገና አላለቀም አሉ። ደብዳቤውን ቀድጄ ልጥለው ስል ጀላል ከእጄ ወሰደው፣ አጥፎም ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እንልከዋለን» አለ። በቁሜ ልፈነዳ ደረስኩ። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አልኩት።

ሁለት ወር ሆኖ፣ ጀሶው ከወጣ በኋላ፣ የሞተሩ ጥገና አልቋል ብለው ሲደውሉለት አብረን ኮምቦልቻ ወረድን። ዘይኑልአቢዲን ራሱ ገፍቶ አወጣው። ደረሰኙን ሰጠ፤ አልማለም። ጀላል ፍሬኑን ረገጠ፣ ዳዶዋን አየ። ላልታለች። ፈረመና ሞተሩን ሳያስነሣ እየገፋ ከበሩ ወጣ። ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ግራር አለ። እዚያ ሥር አቆመው፣ ካርቶን ዘረጋ፣ የረሂማን ከረጢት ከፈተ፣ ፒንሳውን አወጣና እሽጉን ቆረጠ።

ዘበኛው ከማዶ «አባባ፣ ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው ወጣ። ዘይኑልአቢዲንም በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ዘበኛውን በእጁ ዝም አሰኘው። ጀላል ማንንም አላየም። ቀኝ እጁ ገና ስላልጠነከረ ዳዶዋን እኔ ነኝ ያላላሁለት። ጎማው ወጣ። ሸራው አዲስ ነው፣ ከካርቶኑ የወጣ፣ እንከን የለበትም።

«አዲስ ነው» አልኩት። «በል እንዝጋውና እንሂድ፣ ፀሐዩ ፈጀን።»

«ያኔም አዲስ ነው ተብዬ ነበር» አለ። ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ «ጀ» ብሎ ቀኑን መጫር ጀመረ። እጁ አልታዘዝ ብሎት ፊደሉ ተጣመመ፤ እንደ ተማሪ ምላሱን ነክሶ ደጋግሞ ጻፈው።

ያን ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ የደበቅኩትን አወጣሁት። «ጀላል፣ ያን ቀን ሽቦውን ይዘህ ሳለ ተወው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ተቆጥቷል፤ ግን በእኔ አልነበረም።

«ያልኸኝ አንተ ነህ» አለኝ። «የተውሁት ግን እኔ ነኝ። እግሬ ነግሮኝ ነበር እኮ።»

ጎማውን መልሰን ገጠምን። የተቆረጠውን እሽግ ከአፈሩ ላይ አንሥቶ በአቶ ካሳዬ ስም በተጻፈ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ለእሳቸው የሚሰጥ ማመልከቻም ቤቱ ጽፎ ነው የመጣው። ሁለት መስመር ነው፦ «እሽጉን ዛሬ ከጋራዡ በር ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ራሴ ቆርጬ ከፍቻለሁ። ከዛሬ በኋላም በተመለሰልኝ ቁጥር እከፍተዋለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጽፏል፣ ፊርማው ግን ቀርቷል። ወረቀቱን ሞተሩ መቀመጫ ላይ አስደግፎ፣ በዚያች በተሰበረች እጁ፣ የጋራዡ ሰዎች እያዩት ፈረመ።